የአባቴ ሰላጣ አልበቅል አለኝ፤ የቀረኝ 118 ፍሬ ዘር ነው

የቀሃ ልጅ፣ ጎንደር
መጋቢት 4

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን መልስ ለመስጠት የሚያመቻችሁ አይመስለኝም።

የምኖረው ጎንደር ነው፣ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ። ጓሯችን 6 በ9 ሜትር ናት። አባቴ በሕይወት እያለ በዚህች ቦታ የማይተክለው አልነበረም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጤና አዳም፣ በአጥሩ ጥግ ጌሾ። ከሁሉ በላይ የሚሳሳለት ግን ለሰላጣው ነበር።

አባቴ ሾፌር ነበር። ከጎንደር አስመራ በጭነት መኪና ሲመላለስ ዘሩን ከአስመራ ገበያ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣው። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ከዚያ ወዲህ የሰላጣ ዘር ገዝቶ አያውቅም። በየዓመቱ ከራሱ ጓሮ እየለቀመ፣ እያደረቀ፣ መልሶ እየዘራ ወደ 40 ዓመት አቆየው። ጎረቤቶቻችን «የሾፌሩ ሰላጣ» ነው የሚሉት። በጾም ሰሃን ይዘው የሚመጡ ነበሩ።

ቅጠሉ ረጅም ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ እንደ ጥቅል ጎመን አይጠቀለልም። ልቡ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። የውጭ ቅጠሎቹ ጫፋቸው ላይ ቡናማ ቀይ አላቸው፣ ዝገት የነካቸው ይመስላል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ጣዕሙን በቃል ማስረዳት ይከብደኛል። ሁዳዴ ላይ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ፣ አይመርም ነበር። እማዬ በእጇ ቆርጣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ስታሸው እኛ ልጆቹ እንጀራውን ትተን እሱን ነበር የምንሻማው።

አባቴ ካረፈ 4 ዓመት አለፈው። ዘሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተለቀመው እሱ ከማረፉ በፊት በነበረው ሚያዝያ ነው። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለቅሶው፣ የልጆች ነገር፣ ሥራው ሲደራረብ ማናችንም አልነካነውም። ዘንድሮ ለፋሲካ ሰሞን ላድርስ ብዬ የካቲት 10 ከግማሽ በላዩን ዘራሁት። መደቡን ቆፈርኩ። የበግ ፍግ ጨመርኩበት። ዘሩን በትኜ አንድ ጣት ያህል አፈር አለበስኩት። ውሃ በሚመጣበት ቀን ከቧንቧ፣ በማይመጣበት ከሮቶ እየቀዳሁ ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ እንኳ አልበቀለም። አጠገቡ የዘራሁት ቆስጣ ግን ሞልቷል።

ትናንት ማታ የቀረውን ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሼ ቆጠርኩት። 118 ፍሬ ነው። ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ የለም፤ ለጎረቤት የተሰጠው ሁሉ ተበልቶ አልቋል።

ዘሩ ሞቷል ማለት ነው? ካልሞተስ የቀረውን መቼና እንዴት ልዝራው? ጎረቤታችን ከሱቅ የገዛው የሚጠቀለል ሰላጣ አለው፤ አንድ ላይ ካበቡ ይዳቀልብኝ ይሆን?

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ሁዳዴ ሲገባ ከሰላጣዎቹ መካከል አምስት ስድስቱን መርጦ ግንዳቸው ላይ ቀይ ክር ያስር ነበር። ክር ያለበትን መንካት ክልክል ነው። ለዘር መሆኑ ይገባኛል። በምን እንደሚመርጣቸው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። አሁን ያ ነው የሚቆጨኝ።

ጓሮ ወዳድ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 4

እህቴ፣ አባትሽን ነፍሳቸውን ይማር። እንዳላስከፋሽ እየፈራሁ እውነቱን ልንገርሽ። የሰላጣ ዘር ቶሎ ነው የሚያረጅ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢቆይ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመብቀል አቅሙ በጣም ይወርዳል። የአንቺ 5 ሊሞላው ነው። ባትደክሚ ይሻላል እላለሁ።

የምትፈልጊው ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ዓይነት ከሆነ ፓሪስ አይላንድ ኮስ የሚባለውን ፈልጊ። እኔ ሦስት ዓመት ዘርቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው። የሚጠቀለለውን ከወደድሽ ግሬት ሌክስ አለ። እሱም የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣ ዝርያ ሆኖ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይዘራል። አንድ ከረጢት ገዝተሽ ጀምሪ።

የአዘዞው አትክልተኛ
መጋቢት 5

ልጄ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሁለተኛ፣ ብልቃጡን እንዳትጥዪው።

በግብርና ሥራ 28 ዓመት ቆይቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። አሁን አዘዞ በጓሮዬ አትክልት እሠራለሁ። የአዲስ አበባው ወንድማችን ስለ ዘሩ ዕድሜ ያለው ትክክል ነው። ያንቺ ዘር ያልበቀለው ግን በእርጅና ብቻ አይመስለኝም። ወጣት ዘርም ብትዘሪ በዚያ አዘራር አይበቅልልሽም ነበር።

ሰላጣ የብርድ አገር ጠባይ ያለው ነው። ዘሩ በደንብ የሚበቅለው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። ወደ 28ና 30 ሲጠጋ ብዙው ዓይነት ይተኛል። ውሃውን ይጠጣል፣ ይነፋል፣ ግን ሥር አያወጣም። ይህ የራሱ መከላከያ ነው፤ በሙቀት ወጥቶ ከሚጠወልግ ጊዜ ይጠብቃል። ጎንደር ከመሬት ከፍታዋ የተነሣ ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል፤ የየካቲትና የመጋቢት የቀትር ፀሐይ ግን ታውቂዋለሽ። ባዶ መደብ ላይ የላይኛው አፈር ከአየሩም በላይ ይግላል። ቆስጣ ይህን ይችላል። ሰላጣ አይችልም።

ሁለተኛው ጥልቀቱ ነው። አንድ ጣት በዝቷል። የሰላጣ ዘር ኢምንት ነው፣ 1 ግራም ውስጥ ወደ 800 ገደማ ይገባል። ስንቁ ትንሽ ስለሆነ ከጥልቀት መውጣት አይችልም። ደግሞም ብዙው የሰላጣ ዓይነት ለመብቀል ብርሃን ይወዳል። ይህን ያረጋገጡት አሜሪካ ቤልትስቪል የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ግራንድ ራፒድስ የሚባለውን ሰላጣ ዘር ቀይ ብርሃን ሲያሳዩት እንደሚበቅል፣ ከቀይ ያለፈውን ጨረር ሲያሳዩት ደግሞ እንደሚተኛ አሳዩ። ስለዚህ በላዩ ላይ ብትን አድርገሽ፣ የተነፋ ብስባሽ እንደ ጨው ነስነስ፣ በእጅ መዳፍ ጫን። በቃ።

የዘራሽበትን መደብ እንዳትገለብጪው። የተኛ ዘር አፈሩ ሲቀዘቅዝ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ቃል አልገባልሽም፣ የበሰበሰም ይኖራል። ቆስጣው ጥላ ይሁነው፣ ተዪው።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። 10 ፍሬ ብቻ ውሰጂ። እርጥብ ሶፍት ላይ ደርድሪና በሰሃን ክደኚው። ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ሳይሆን ከታች፣ 3 ቀን ይደር። ከዚያ አውጥተሽ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛው ጥግ አስቀምጪው። መድረቅ የለበትም፣ በውሃም መዋኘት የለበትም። እስከ 10 ቀን ጠብቂ። ስንት እንደበቀለ ንገሪኝ። የቀረውን 108 ፍሬ ብልቃጡን ጠበቅ አድርገሽ ዘግተሽ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢ፤ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዳትነኪው።

አሁን ወደ ቀዩ ክር ልምጣ። ጽሑፍሽን ሳነብ ደጋግሜ ያየሁት እሱን ነው። ክሩን የሚያስሩት ሁዳዴ ሲገባ ነው አልሽ። እስቲ አስታውሺ፦ በዚያ ጊዜ ሌሎቹ ሰላጣዎች ምን ይሆኑ ነበር? አገዳ ማውጣት ጀምረው አልነበረም?

የቀሃ ልጅ፣ ጎንደር
መጋቢት 5

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ! አሁን ሲሉኝ ነው የመጣልኝ። መሐላቸው እየረዘመ፣ ቅጠላቸው እየሾለ ሲሄድ አባዬ እነሱን ከሥር እየነቀለ ለበግ ይሰጣቸው ነበር። «እነዚህ ቸኩለዋል» ይል ነበር። ክር የሚያስርባቸው ገና ዝቅ ብለው የተቀመጡትን ነው።

ጓሮ ወዳድ፣ ስለ ምክርህ አመሰግናለሁ፣ አልተከፋሁም። ግን የምፈልገው ሰላጣ ለመብላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

የአዘዞው አትክልተኛ
መጋቢት 6

እንግዲህ አባትሽ ዘር መራጭ ነበሩ። ይህን ሥራ ጣቢያ ውስጥ ስንሠራው ደሞዝ ይከፈለን ነበር።

ላስረዳሽ። ሰላጣ ሲሞቀው ጊዜዬ ደረሰ ብሎ ወደ አበባ ይሮጣል። በሰሜኑ ዓለም የቀኑ መርዘምም ያስቸኩለዋል። እኛ ጋ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለያይ ዋናው አስቸኳይ ሙቀቱ ነው። አገዳ ማውጣት ሲጀምር ወተቱ ይበዛል፣ ምሬቱ ከዚያ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያበበውን ለዘር ይይዛል፣ ምክንያቱም የሚበላው አልሆነለትም። መልካሙን ይበላል፣ ቸኳዩን ያስቀራል። ይህን 10 ዓመት ቢያደርግ የሚተርፈው ቸኩሎ የሚያብብና የሚመር ሰላጣ ነው። አባትሽ ተቃራኒውን አደረጉ። የቸኮለውን ነቀሉ፣ የታገሠውን አስቀሩ። በየዓመቱ አምስት ስድስት ክር፣ 40 ዓመት ሙሉ። ሁዳዴ ላይ አይመርም ነበር ያልሽው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ከአስመራ ሲመጣ እንዲህ አልነበረም ይሆናል፤ ይህን ጠባይ ያገኘው እናንተ ጓሮ ውስጥ ነው።

ለዚህ ነው ወንድማችን አዲስ ግዢ ሲል ያልተስማማሁት። እሱ የጠቀሳቸው ዝርያዎች ጥሩ ናቸው፣ እኔም ዘርቻቸዋለሁ። የጎንደርን የካቲት ግን አያውቁትም።

ስለ መዳቀል አትጨነቂ። ሰላጣ የኑግ፣ የሱፍና የአደይ አበባ ዘመድ ነው፤ ከእነዚህ ግን በአንድ ነገር ይለያል። ኑግ ንብ ይፈልጋል። ሰላጣ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅል። ትንሿ ቢጫ አበባ ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ትከፈታለች፣ ስትዘጋ ሥራው አልቋል። በነፍሳት የሚዛመተው በጣም ጥቂት ነው። ከጎረቤትሽ ሰላጣ 5 ወይም 6 ሜትር ከራቀ ይበቃል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ በዓለም ላይ የሚሸጠው የሰላጣ ዘር አብዛኛው ድቅል አይደለም። ዘሩን ብትይዢው እናቱን ይመስላል።

መቼ ልዝራ ላልሽው፦ አባትሽ በየካቲት አልዘሩም። ሁዳዴ ላይ ስትበዪ ስላደግሽ ነው በየካቲት የተዘራ የመሰለሽ። ለዘር የሚሆነው ክረምቱ ወጥቶ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው የሚዘራ። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የነቢያት ጾም ላይ፣ ቅጠሉ በጣፋጭነቱ ጫፍ ላይ ይደርሳል። በየካቲት አገዳ ያወጣል፣ በመጋቢት ያብባል፣ በሚያዝያ ዘሩ ይደርቃል። ቅጠሉን የሚያበላሸው ያ ፀሐይ ለዘሩ መድኃኒት ነው። ዝናብ ሳይመጣ ይለቀማል። በክረምት ብታስደርሺው ግን ራሱ ላይ እንዳለ ይሻግታል።

ነርሷ፣ ማራኪ
መጋቢት 7

ስለ ዘሩ ጋሼ ብለውታል። እኔ ስለ ፍግና ስለ ውሃ አንድ ነገር ልበል። ሰላጣ በጥሬው ስለሚበላ እሳት አያየውም። ያልበሰበሰ ፍግ መደብ ላይ አታድርጊ። ቢያንስ 4 ወር ተከምሮ የበሰበሰ ይሁን። በከተማ መሐል ያለፈ የወንዝ ውሃም ለሰላጣ አይሆንም፤ ታይፎይዱ፣ አሜባው፣ የወስፋቱ እንቁላል ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣ። ውሃ ስትጠፋ ብዙ ሰው ወደ ወንዝ እንደሚወርድ አውቃለሁ፣ አልፈርድም። ወንዝ ካለሽ ለጌሾው አጠጪው። ለሰላጣው የሮቶውን አስቀሪለት። ስትበዪውም ቅጠል በቅጠል እየለያየሽ በሚፈስ ወይም ደጋግሞ በተቀየረ ንጹሕ ውሃ እጠቢ። አቼቶ ወይም ሎሚ ጣል ማድረግ ለጣዕሙ እንጂ ጀርሙን ሁሉ ይገድላል ብለሽ አትመኚበት።

የቀሃ ልጅ፣ ጎንደር
መጋቢት 19

በቀለ!

ከ10 ፍሬ አራቱ። በ3 ቀን ከፍሪጅ አወጣሁት፣ ሰሃኑን እማዬ አልጋ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩት። ከቤታችን ቀዝቃዛው ቦታ እሱ ነው። በ5ኛው ቀን ሦስት ነጭ ጅራት አየሁ። በ8ኛው ቀን አራተኛው። ከዚያ ወዲህ የለም። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ሰሃኑን ይዛ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። ምንም አላለችም። በኋላ ግን ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት፣ «የሾፌሩ ሰላጣ ነቃ» ትላለች።

አራቱን ምን ላድርጋቸው?

የአዘዞው አትክልተኛ
መጋቢት 19

እልል በይ ልጄ። ከ10 አራት ማለት ከ108 ወደ 40 ትጠብቂያለሽ ማለት ነው። ለዚያ ዕድሜ ጥሩ ነው። አንድ ፍሬ ቢተርፍ እንኳ ሰላጣ ራሱን ያዳቅላልና ዘር ይሰጥሽ ነበር፤ ከአንድ ተክል ብዙ መቶ ዘር ይገኛል።

አራቱን የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር በባልዲ ትከያቸው፣ ቅጠል ብዪባቸው። ዘር አትጠብቂባቸው፣ ክረምት ይደርስባቸዋል።

ከግራዝ፣ ኦስትሪያ
መጋቢት 22

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ የጎረቤቴ አሮጊት በየዓመቱ የምትዘራው ሰላጣ አለ። ፎረለንሽሉስ ይባላል፣ የኦስትሪያ ነባር ዘር ነው። አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ የተረጨ የሚመስል ጥቁር ቀይ ነጠብጣብ አለው፤ ስሙም ፎረለ ከሚሉት ባለ ነጠብጣብ ዓሣ የመጣ ነው። እሷም እንደ አባትሽ ዘሩን ራሷ ነው የምትለቅመው።

አሜሪካ ውስጥም የአያት አድማየር ሰላጣ የሚሉት አለ። እ.ኤ.አ. በ1822 የተወለደ፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው የዘመተ ሰው ሰላጣ ነበር። ሰውዬው ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1977 አርጅታ የነበረች የልጅ ልጁ ዘሩን ነባር ዘር ለሚሰበስቡ ሰዎች ሰጠች። ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ ይባላሉ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተቋቋመ ማኅበር ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ይዘራዋል። ያንቺንም ከአንድ ብልቃጥ በላይ አድርጊው። አደራ።

የአዘዞው አትክልተኛ
መጋቢት 23

የግራዙ ልጅ ያለው እውነት ነው። በእኛም አገር ይህ ነገር ባለቤት አለው። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የተቋቋመ። እዚያ ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ለዚህ ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በማሳው ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ ነበር የሚሟገቱ። የእነሱ ማሽላና ስንዴ ነበር፣ ያንቺ ሰላጣ ነው። ሥራው አንድ ነው።

ለመስከረም የሚሆንሽን አሁን አዘጋጂ። የእናንተ አካባቢ አፈር ዋልካ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ውሃ ያቁራል። መደቡን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጊው። የነርሷን ቃል ሰምተሽ ፍጉን ዛሬ ከምሪ፤ ለመስከረም ይበሰብሳል። ትንሽ አሸዋ ብታገኚ ቀላቅዪ። የሰላጣ ሥር ሩቅ አይወርድም፣ ስለዚህ አንድ ቀን በጀሪካን ሞልቶ አንድ ሳምንት መተው ይጎዳዋል። ጥቂት ጥቂት፣ በየሁለት ቀኑ፣ በማለዳ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር መድኃኒቱ ጉዝጓዝ ነው፤ የጤፍ ጭድ ሁለት ጣት ያህል አልብሺበት፣ እርጥበቱን ይይዝልሻል። ከግንዱ ግን ትንሽ ራቅ ይበል፣ አለዚያ ይበሰብሳል።

ለጥላ ጆንያ በአራት እንጨት ላይ ወጥሪ። ከጥር አጋማሽ በኋላ ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ይከልልሽ። ክሽክሽ፣ ያ ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ፣ ከመጣ ቅጠሉን ገልብጠሽ በውሃ እጠቢው፣ መርዝ አትርጪበት።

የቀሃ ልጅ፣ ጎንደር
ኅዳር 16

ሰላም ለሁላችሁ። እንደጠፋሁ አውቃለሁ፤ ውጤቱን ይዤ ልመጣ ብዬ ነው።

ከአራቱ የባልዲ ችግኞች ሁለቱን ቀንድ አውጣ በላቸው። ሁለቱ እስከ ሰኔ ቆዩ፣ ከዚያ አገዳ አወጡ፣ ነቀልናቸው።

ጋሼ፣ መደቡን አትገልብጪው ያሉኝን አስታወሱ? ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ አንድ ሳምንት እንደጣለ፣ ቆስጣ ልቆርጥ ገብቼ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ቅጠል አየሁ። አረም መስሎኝ ልነቅለው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጫፉ ላይ ያ ዝገት አለበት። የየካቲቱ ዘር ነው። አራት ወር አፈር ውስጥ ተኝቶ። ሦስት ነበሩ። ሁለቱን የነሐሴ በረዶ መታቸው። አንዷን በተቆረጠ ፕላስቲክ ባልዲ ከልዬ አተረፍኳት። በእንቁጣጣሽ ውጭ ውጭውን ቅጠል ቀነጠስን። ለአራት ሰው ሰባት ቅጠል ነበር። እማዬ ሎሚም ጨውም አልፈለገችም፣ እንዲያው በላችው። «እሱ ነው» አለች።

ዋናው ዘር ደግሞ፦ መስከረም 24 ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ 3 ቀን አሳደርኩት። መስከረም 27 አመሻሹ ላይ በሣጥን ዘራሁት፣ በላዩ እርጥብ ጆንያ። እንዳሉኝ እንደ ጨው ነስነስ፣ በመዳፍ ጫን። በየጠዋቱ ጆንያውን ገለጥ እያደረግኩ አየሁ። በ6ኛው ቀን መብቀል ሲጀምር ጆንያውን አነሣሁት። በድምሩ 37 በቀለ። አራቱ ከሥራቸው ተቆርጠው ወድቀው አገኘኋቸው፣ ትል ነው። ጥቅምት 25 ላይ 33 ችግኝ ወደ መደብ አዛወርኩ፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ተኩል እየተውኩ።

ትናንት የነቢያት ጾም ገባ። መጀመሪያውን ሰሃን በላን። አራት ጎረቤት መጥቶ ነበር፣ ሁሉም ሰሃን ይዞ። ሰላጣው ገና ትንሽ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቅጠል ነው የደረሰ። ማንም አላጉረመረመም።

አሁን አንድ ነገር አስፈርቶኛል። ክሩን ገዝቻለሁ፣ ቀይ ድር ነው። እማዬ አባዬ የሚጠቀምበት እንዲህ ያለው ነው ብላ ራሷ መረጠችው። ግን ሁዳዴ ሲገባ የቱ እንደታገሠ፣ የቱ እንደቸኮለ ዓይኔ ይለየው ይሆን? ተሳስቼ የ40 ዓመቱን በአንድ ዓመት ባበላሸውስ? ጋሼ፣ ከአዘዞ ሩቅ አይደለም። መጥተው አብረን ብናስር? ምሳ እኛ ጋ ነው።

የአዘዞው አትክልተኛ
ኅዳር 16

እመጣለሁ። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። አትፍሪ፣ በአንድ ዓመት አይበላሽም፣ ዓይንሽም ይለያል። እስከዚያ ግን ይህን አድርጊ። ከ33ቱ አንዱንም ከሥሩ እንዳትነቅዪ። ከውጭ በኩል ብቻ እየቀነጠስሽ ብሉ፣ ልቡን አትንኩ። ከመካከላቸው አሥሩን ግን ጨርሶ አትቀንጥሺ፣ ለዘር የምንመርጠው ከእነሱ ነው። እያንዳንዱ አጠገብ እንጨት ሰክተሽ ቁጥር ጻፊበት። ከጥር 15 ጀምሮ በየሳምንቱ መሐሉ መርዘም የጀመረበትን ቀን በደብተር ያዢ። እኔ ስመጣ ደብተሩን ነው መጀመሪያ የማየው።

ሚያዝያ ላይ ጫፉ እንደ ጥጥ ሲነፋ ወፍ ይቀድምሻል። ከአሁኑ አሮጌ ነጠላ ፈልጊ፣ ራሱን የምንሸፍንበት። ዘሩ በአንድ ቀን አይደርስም፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጎንበስ አድርገሽ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ታራግፊዋለሽ። በሰፌድ አንፍሰሽ በጥላ ሁለት ሳምንት ታደርቂዋለሽ። ከዚያ ሦስት ብልቃጥ አዘጋጂ፦ አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ደግሞ ለዚያ ለግራዙ ልጅ፣ አገር ቤት ሲመጣ ይወስደዋል። ለእኔ 50 ፍሬ ይበቃኛል።

ለእናትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ምሳውን ሰላጣ ብቻ አድርጉት።